ባሩድ ያልነበረው ከበባ

ኦገስት 1775 መግቢያ ላይ (ወሮቹና ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው) በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት መጀመሪያ፣ እንግሊዞች የያዟትን ቦስተንን የከበበው የቅኝ ግዛቶቹ ጦር ስንት በርሜል ባሩድ እንዳለው ሲታይ መዝገቡ 308 ይላል። መጋዘኑ ተከፍቶ ሲቆጠር ግን የተገኘው 36 በርሜል ነው። የሰረቀ የለም። የማሳቹሴትስ የትጥቅ ኮሚቴ ያለውን እንዲያሳውቅ ሲጠየቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሰበሰበውን ሁሉ ደምሮ ላከ፤ የተተኮሰውን መቀነስ ትዝ ያለው አልነበረም። የሌሎቹ ቅኝ ግዛቶች ክምችት ታክሎበት እንኳ ለአንድ ወታደር ከ9 ጥይት አይበልጥም። ጄኔራል ሳሊቫን እንደጻፈው የጦሩ አዛዥ ጆርጅ ዋሽንግተን ይህን ሲሰማ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ከበባ ሲባል እኛ ዘንድ ቶሎ ትዝ የሚለው መቀሌ ነው፤ በ1896 መግቢያ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ምንጮቹ ተይዘውበት ጋሊያኖ ለቆ የወጣበት። ውስጥ ያለው ይጠማል፣ ውጭ ያለው ይጠብቃል፣ ነገሩ ያልቃል። ቦስተን እንዲህ አልሆነም። ከባቢው ጦር የየብሱን መንገድ ዘጋ እንጂ ባሕሩን መዝጋት አቅሙ አልነበረም። ተከባቢው ደግሞ ባሕር ተከፍቶለትም ማገዶና ትኩስ ሥጋ አጣ። ሁለቱም ጉድለታቸውን እየደበቁ 11 ወር ያህል ተፋጠጡ። እኔ ይህን ከበባ ደጋግሜ የማነበው ለዚህ ነው፦ ከጦር ሜዳው ይልቅ የመጋዘኑና የጋሪው ታሪክ ስለሚበዛበት።

የዛሬዋን ቦስተን ካርታ ይዞ የያኔውን መከተል አይቻልም። ባክ ቤይ የሚባለው ሰፈር ያን ጊዜ ውሃ ነበር። ከተማዋ ከየብስ ጋር የምትገናኘው በአንዲት ቀጭን አንገት ብቻ ሲሆን ባሕሩ ሲሞላ እሷም ከግራና ከቀኝ ትበላለች። ዛሬ ሳውዝ ኤንድን አቋርጦ የሚሄደው ዋሽንግተን ስትሪት ያለው በዚያች አንገት ላይ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቀኑ ያልፉባታል፣ ግራ ቀኙ ተደልድሎ ሕንፃ ስለበቀለበት ግን አንገት መሆኗ ጨርሶ አይታወቅም። ከተማዋን ከላይ ቁልቁል የሚያዩ ሁለት ባሕረ ገብ መሬቶች ነበሩ፦ በሰሜን ቻርልስታውን፣ በደቡብ ምሥራቅ ዶርቸስተር። ከእነዚህ ጉብታዎች በአንዱ ላይ ከባድ መድፍ የተከለ ከተማዋን ይዟል ማለት ነው። ይህን ሁለቱም ወገን ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ እንግሊዞች ዶርቸስተርን ለምን ወር በወር ላይ ባዶውን እንደተዉት ለእኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም ብል ይቀለኛል።

ከበባው የተጀመረው ኤፕሪል 19 ቀን 1775 ማታ ነው። ወደ ኮንኮርድ ትጥቅ ሊያጠፋ የወጣው የእንግሊዝ ጦር እየተተኮሰበት ቻርልስታውን ገባ፤ ያሳደዱት ሚሊሺያዎችም ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ዙሪያውን ሰፈሩ። ጁን 17 ላይ በባንከር ሂል ስም የሚጠራው ውጊያ ተደረገ። እንግሊዞች ጉብታውን ያዙ፣ ግን ከ1 ሺህ በላይ ሰው ሞቶና ቆስሎባቸው። ተከላካዮቹ በሦስተኛው ማጥቃት የለቀቁት ባሩዳቸው አልቆ ነው። ስለዚህ ውጊያ ብዙ ስለተጻፈ አልፈዋለሁ።

ከተማዋ ውስጥ ከጦርነቱ በፊት 15 ሺህ ያህል ሰው ይኖር ነበር። አገረ ገዢውና የጦር አዛዡ ጄኔራል ጌጅ ከነዋሪው ጋር ተስማማ፦ መሣሪያውን ያስረከበ መውጣት ይችላል። 1,778 ጠመንጃ፣ 634 ሽጉጥና 973 ሳንጃ ተሰበሰበ። ከዚያ የመውጫ ፈቃዱ መንጠባጠብ ጀመረ። ለንጉሡ የታመኑት ነዋሪዎች፣ የተቃዋሚው ቤተሰብ ሁሉ ከወጣ ውጭ ያሉት ከተማዋን ከማቃጠል የሚያግዳቸው ነገር አይኖርም ብለው ጌጅን አስፈራሩት። ቢሆንም እያደር ብዙው ወጣና ከግማሽ በታች ቀረ።

የቀረው ሰውና ጦር መጀመሪያ ያጣው ድርቆሽ ነው። ፈረስ ያለ ድርቆሽ ጋሪ አይጎትትም፣ የሚታረደውም ከብት ይከሳል። በወደቡ ደሴቶች ላይ የታጨደ ድርቆሽና የሚግጥ ከብት ስለነበር ሜይ ላይ የተደረጉት ግጭቶች በሙሉ ስለዚሁ ናቸው። እንግሊዞች ግሬፕ አይላንድ ላይ ድርቆሽ ሊጭኑ ሲሄዱ የአገሬው ሚሊሺያ ደርሶ የቀረውን አቃጠለባቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ በቸልሲ ክሪክ ከብት ሊያሸሹ በመጡ ሚሊሺያዎችና በእንግሊዝ መርከቦች መካከል በተነሣው ተኩስ ዳያና የምትባል የጦር መርከብ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅራ ነደደች።

የፈረንጆቹ ክረምት ሲገባ የማገዶው ችግር ባሰ። በኦገስት የቆረጡት፣ ተቃዋሚዎች የነጻነት ዛፍ ይሉት የነበረው ትልቅ ኤልም ለማገዶ ዋለ። ኦልድ ኖርዝ የተባለው የጸሎት ቤት ከነጣውላው ፈርሶ ምድጃ ገባ። ኦልድ ሳውዝ ደግሞ ወንበሮቹ ተነቅለው፣ ወለሉ ላይ ጠጠርና አፈር ተደልድሎበት የፈረሰኞች መለማመጃ ሆነ። ከእንግሊዝ በመርከብ የተላኩት በጎችና አሳማዎች አብዛኞቹ መንገድ ላይ ሞቱ፤ ወጀብ ያልያዛቸውን መርከቦች ደግሞ የዋሽንግተን ትንንሽ የታጠቁ ጀልባዎች ይይዟቸዋል። ባሕር ተከፍቷል ማለት ስንቅ ይደርሳል ማለት እንዳልሆነ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

ውጭ ያለው ጦር ሆዱ አልጎደለም፤ ከጀርባው የእርሻ አገር አለው። የጎደለው ባሩድ ነው። ባሩድ ከመቶ 75 እጁ ጨው ፒተር ነው፣ የቀረው ከሰልና ድኝ። ከሰል የትም ይገኛል። ጨው ፒተርን ግን ከበረት አፈርና ከሽንት ማጣራት ወራት ይፈጃል፤ ቅኝ ግዛቶቹም የሚሠራ የባሩድ ወፍጮ ከስም በላይ አልነበራቸውም። ከባሕር ማዶ መግዛት ነው ያለው። ሒሳቡን ለማየት ያህል፦ 18 ፓውንድ ጥይት የሚተኩስ መድፍ በሙሉ ጉርሻ የጥይቱን ሲሶ ያህል፣ ማለት 6 ፓውንድ ባሩድ ይበላል። 100 ፓውንድ የሚይዝ በርሜል በ16 ተኩስ ያልቃል። 36 በርሜል ለአንድ የረባ የመድፍ ቀን አይበቃም። ለዚህ ነው ወሩ ሙሉ እንግሊዞች ሲተኩሱ ከዚህ ወገን መልስ የሚጠፋው፤ ዋሽንግተንም ምክንያቱን ለራሱ ወታደር እንኳ መናገር አልቻለም። በኖቬምበር ጆን ማንሊ የሚመራው ጀልባ ናንሲ የምትባል የትጥቅ መርከብ ማረከ። 2 ሺህ ጠመንጃ፣ ብዙ ቶን የጠመንጃ ጥይት፣ አንድ ትልቅ የነሐስ ሞርታር (ጥይቱን ወደ ላይ የሚወረውር አጭር መድፍ) ተገኘባት። ባሩድ አልነበረባትም።

ሌላው ጉድ የወታደሩ ውል ነው። አብዛኛው የተቀጠረው እስከ ዲሴምበር 31 ብቻ ስለነበር፣ ጠላት በጠመንጃ ርቀት ፊት ለፊት እያለ አንዱን ጦር አሰናብቶ ሌላ መመልመል ግድ ሆነ። እንግሊዞች በዚያ ሳምንት ቢወጡ ምን ይፈጠር ነበር የሚለውን ለማሰብ ብዙ ብልሃት አያስፈልግም።

ከባድ መድፉን ያመጣው ሄንሪ ኖክስ ነው፤ የ25 ዓመት የቦስተን መጽሐፍ ሻጭ፣ መድፍን የተማረው ከመደርደሪያው። በሜይ የተያዘው የቲኮንደሮጋ ምሽግ መድፍ ነበረው፤ ችግሩ 300 ማይል ያህል መራቁ ነው። ዲሴምበር 5 እዚያ ደርሶ የሚጠቅመውን 59 ያህል መድፍና ሞርታር መረጠ። ክብደቱ ተደምሮ 60 ቶን ይጠጋል፤ ከዚያ 2,300 ፓውንድ እርሳስና አንድ በርሜል ባልጩት ጨመረ። መጀመሪያ በጆርጅ ሐይቅ ላይ በጀልባ፣ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ሳይረጋ። አንዷ ጀልባ ሰጥማ ጭነቷ ከጥልቁ ሳይሆን ከዳር ስለነበር ተረፈ። ዲሴምበር 17 ለዋሽንግተን ሲጽፍ 42 እጅግ ጠንካራ ሸርተቴ አሠርቻለሁ፣ 80 ጥማድ በሬ አዘጋጅቻለሁ፣ በ16 ወይም በ17 ቀን እደርሳለሁ አለ። የደረሰው በጃንዋሪ መጨረሻ ነው።

ያዘገየው በረዶው ነው፤ አንዴ አንሶ፣ አንዴ በዝቶ። ሸርተቴ ያለ በረዶ አይሄድም፣ በረዶው ሲቆለል ደግሞ ከብቱ ደረቱ ይያዛል። ከሁሉ የከፋው በአዲስ ዓመት ሰሞን የመጣው ሙቀት ነበር፤ የሃድሰን ወንዝን ግግር አሳሳው። ኖክስ ያደረገው መሻገሪያው ላይ ግግሩን መብሳት ነው። ከሥር ያለው ውሃ በቀዳዳው ወጥቶ ላዩ ላይ ይተኛል፣ ሌሊት ይረጋል፣ ግግሩ በዚያው ይወፍራል። አሻጋገሩም ሥርዓት ነበረው። 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገመድ አንድ ጫፉ ከሸርተቴው፣ ሌላው ጫፉ ከፈረሶቹ ይታሰራል፤ ክብደቱ አንድ ቦታ እንዳያርፍ ነው። ከፈረሶቹ ጎን መጥረቢያ የያዘ ሰው ይሄዳል። ግግሩ ከተሰበረ ገመዱን በጥሶ ፈረሶቹን ያድናል፣ መድፉ ይሰጥማል፤ መድፍ ከወንዝ ይወጣል፣ የሰጠመ ፈረስ ግን አይተካም። እንደተፈራውም አንድ ባለ 18 ፓውንድ መድፍ መሐል ወንዝ ላይ ገባ። ኦልባኒ አጠገብ የሰጠመውን ሌላ መድፍ የከተማው ሰው ተረባርቦ ስላወጣለት ኖክስ መድፉን በከተማይቱ ስም ጠራው። በርክሻየር ተራሮች ላይ ደግሞ ከዳገቱ ቁልቁለቱ ያስፈራ ነበር፦ ሸርተቴው በገመድ ከዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ቀስ እያለ ይለቀቃል፣ ከሥሩ ሰንሰለትና እንጨት ይጎተትለታል።

መድፍ መጣ፣ ባሩዱ ግን አሁንም ትንሽ ነው። ዋሽንግተን ፌብሩዋሪ 16 ጄኔራሎቹን ሰብስቦ የረጋውን ውሃ ተሻግረን ከተማዋን እናጥቃ አለ። እንቢ አሉት፤ ደግ አደረጉ። በምትኩ ዶርቸስተር ጉብታ ላይ ወጥተን እንግሊዞች እንዲያጠቁን እናድርግ ተባለ። እዚህ ላይ የሚያቅተው ነገር መሬቱ ነው። ምሽግ ማለት አፈር ነው፣ አፈሩ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ በብርድ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ምሽጉ ደግሞ በአንድ ሌሊት ካልተሠራ ጠዋት መድፍ ይለቅመዋል።

መፍትሔውን ያገኘው ሩፈስ ፑትናም የተባለ የወፍጮ ሠሪ ነው፤ ምህንድስና ያልተማረ፣ ሰው ስለጠፋ መሐንዲስ ሁን የተባለ። ጄኔራል ሂዝ ቤት ጎራ ሲል ጠረጴዛ ላይ የምህንድስና መጽሐፍ አየና አውሰኝ አለ። ሂዝ መጽሐፍ አላውስም አለው። ፑትናም ይህን ሥራ እንድይዝ ከገፋፉኝ አንዱ አንተ ነህ ብሎ ድርቅ ሲልበት ሰጠው። ገልጦ ሻንደሊየር የሚል ነገር አየ። ከወፍራም ግንድ የሚገጣጠም መቃን ነው፦ ከታች መሬት ላይ የሚተኛ እግር፣ በሁለቱ በኩል ቀጥ ያሉ ቋሚዎች። በቋሚዎቹ መካከል የቀጫጭን ቅርንጫፍ እስር ይደረደራል፣ ድርቆሽም ይጠቀጠቃል፣ አፈር ከተገኘም ይጨመራል። ዋናው ነገር ምንም መቆፈር ሳያስፈልግ ሌላ ቦታ ተሠርቶ በጋሪ መምጣቱ ነው። ለእኔ ከኖክስ መድፍ ይልቅ ይህ መቃን ይበልጣል። ያለ እሱ መድፎቹ ጉብታው ሥር ተደርድረው ፀደይን ይጠብቁ ነበር፤ ግን ሐውልት የሚቆመው ለመድፍ ነው።

ሳምንታት ሙሉ መቃን፣ እስርና ከቀንበጥ የተጎነጎነ ቅርጫት ሲሠራ ከረመ። ማርች 2፣ 3 እና 4 ማታ ማታ ከሌላ አቅጣጫ፣ ከኮብል ሂል፣ ከሌችሚር ፖይንትና ከሮክስበሪ ከተማዋ ላይ ተተኮሰ። ለማውደም ሳይሆን ጆሮ ለመያዝ ነበር። ለዚህም ዋጋ ተከፈለ፦ ከናንሲ የተገኘውን ትልቁን ሞርታር ጨምሮ በርካታ ሞርታሮች ፈነዱ። ተኳሾቹ ልምድ የላቸውም፤ ሞርታር ሲተኮስ ወደ ታች ስለሚረግጥ መደቡ በደንብ ካልተቀመጠ፣ በተለይ እንዲህ በደረቀ መሬት ላይ፣ ኃይሉ ወደ ራሱ ይመለሳል።

ማርች 4 ሲመሽ በጄኔራል ቶማስ መሪነት 800 ጠባቂ ቀድሞ ወጣ፣ 1,200 ሠራተኛ ተከተለ፣ ከኋላ 300 የሚያህል ጋሪ። ወደ ጉብታው የሚወስደው ዝቅተኛ መንገድ ከእንግሊዝ ምሽግ ይታያል፤ ስለዚህ ተጨምቆ የታሰረ ድርቆሽ በዚያ በኩል እንደ አጥር ተደረደረ። ጋሪዎቹ ከኋላው እየተመላለሱ፣ አንዳንዱ ሦስትና አራት ጊዜ ጫነ። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች፣ ላይ ላዩ ብሩህ፣ ታች ግን ጉም ተኝቶ ከከተማው አያሳይም። ነፋሱም የዶማውን ድምፅ ወደ ባሕር ወሰደው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ጥይት የሚመክቱ ሁለት ምሽጎች ቆመዋል። አንድ የእንግሊዝ መኮንን እዚያ ጉብታ ላይ ሥራ አለ ብሎ ለአለቃው አስታውቆ ነበር፤ አለቃው ለጠዋት አሳደረው። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ የደከሙት ወርደው በምትካቸው 3 ሺህ ሰው ወጣ። ከአካባቢው የአትክልት ቦታ የፍራፍሬ ዛፍ ተቆርጦ ቅርንጫፉ ወደ ውጭ ሹል ሆኖ ተደረደረ። ከምሽጉ ፊት ደግሞ ድንጋይና አፈር የተሞሉ በርሜሎች ተሰለፉ። ከሩቅ ሲታዩ የግንቡ አካል ይመስላሉ፤ ዓላማቸው ግን አጥቂው ዳገቱን ሲጀምር ቁልቁል መለቀቅ ነው። ጉብታው ገላጣና ቀጥ ያለ ስለሆነ ተሰልፎ የሚወጣ ጦር እግር የሚቆምበት አያገኝም። ባሩድ ለሌለው ጦር ከዚህ የተሻለ ጥይት ያለ አይመስለኝም።

ጠዋት ጄኔራል ሃው (ጌጅ ተጠርቶ ሄዷል) አይቶ ለለንደን ሲጽፍ ይህ ቢያንስ የ12 ሺህ ሰው ሥራ ነው አለ። መድፎቹ ወደዚያ ከፍታ ቀና አሉ፣ አልደረሱም። የመርከቦቹ አዛዥ አድሚራል ሹልድሃም ጉብታው ካልተለቀቀ ወደቡ ውስጥ አልቆይም አለ። ሃው 2 ሺህ ከምናምን ሰው ጭኖ በባሕር ለማጥቃት ተነሣ፤ ዋሽንግተንም ይህንኑ ሲጠብቅ 4 ሺህ ሰው በጀልባ ባዶዋን ከተማ ሊመታ ካምብሪጅ ላይ አዘጋጅቷል። ማታ ከባድ ወጀብ መጣና ጀልባ መንቀሳቀስ አቃተው። በማግስቱ ሃው ማጥቃቱን ተወ። ወጀቡ ባይመጣ ባንከር ሂል ይደገም ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። ሃው ግን በልቡ መውጫ ምክንያት ሲፈልግ የቆየ ይመስለኛል፦ ከቦስተን እንዲወጣ ለንደን በበልጉ ሳይሆን ገና በመጸው ፈቅዳለት ነበር፣ ያልወጣው መርከብ ስላልበቃው ነው። ዶርቸስተር ያደረገው መውጫውን ማስቸኮል ነው።

ስምምነቱ እንኳ በወጉ አልተጻፈም። የከተማው ሽማግሌዎች ማርች 8 ላይ ሃው ካልተተኮሰበት ከተማዋን አያቃጥልም የሚል ደብዳቤ ላኩ፤ ሃው አልፈረመበትም፣ ለማን እንደተጻፈም አይልም። ዋሽንግተን አልቀበለውም ብሎ መለሰ፣ ግን አልተኮሰም። ማርች 9 ሌሊት ወደ ከተማው ይበልጥ የሚቀርበውን ኑክስ ሂል የተባለ ጉብታ ሊመሽጉ የወጡ ሰዎች ብርዱን ሊከላከሉ ከኋላው እሳት አነደዱ። ብርሃኑ ታየ፣ መድፍ ዘነበ፣ 4 ሰው ሞተ። በማግስቱ የተለቀመው የእንግሊዝ የመድፍ ጥይት 700 ያህል ነበር፤ ወደ መጋዘን ገባ።

ማርች 17 ቀን 9 ሺህ ያህል ወታደርና 1,100 ያህል ለንጉሡ የታመኑ ሰዎች ተሳፍረው ወጡ። መውሰድ ያልቻሉትን መድፍ ቀዳዳውን በሚስማር ደፈኑት። ባንከር ሂል ላይ ዘብ የቆሙ የሚመስሉ ሰዎች ነበሩ፤ ጠጋ ሲባል ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች ናቸው። አንገቷ ላይ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ ሹሉ ወደ ላይ የሚቀር ባለ አራት ጫፍ ብረት ተበትኗል። ቀድመው እንዲገቡ የታዘዙት ግን ጀግኖቹ ሳይሆኑ ፈንጣጣ ይዟቸው የዳኑት ናቸው፤ በሽታው ከተማው ውስጥ ስለነበር ያልታመመ ሰው እንዳይገባ ዋሽንግተን ከለከለ። ጁላይ ላይ ቦስተን ለክትባት ተከፈተች፦ ከታማሚ መግል ተወስዶ ጫር በተደረገ ክንድ ላይ የሚደረገው ዓይነት። ይህን ዘዴ ከተማዋ ከ50 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የሰማችው ኦኔሲመስ ከሚባል አፍሪካዊ ባሪያ ነው፤ በአገሩ ልጅ እያለ ተደርጎለት ነበር።

ሃው ሃሊፋክስ ሄዶ ጦሩን አሳርፎ በጁላይ 1776 መግቢያ ኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ላይ አራገፈ። ዋሽንግተንም መድፎቹን ይዞ ቀድሞት እዚያ ነበር፤ አሁን ግን ውሃው የከበበው እሱን ነው፣ የጦር መርከብም አልነበረውም።